ጸጉራም ውሻ

«ጸጉራም ውሻ አለ ሲሉት ይሞታል» ይባላል። ተረቱን ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማዋለሁ፤ እኔም ስንቴ ተርቼዋለሁ። የገባኝ ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ራቤል ውስጥ አንድ ቡና ቤት ግድግዳ ላይ ሦስት የውሻ ሥዕሎች ካየሁ በኋላ ነው።

ታዲያላችሁ፣ በመሐል ሜዳ በኩል አድርጌ ራቤል ስገባ መሽቷል። የመንዝንና የግሼን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል፤ ጋቢ ብቻውን አይመክተውም። የቤቱ ባለቤት ከበግ ጸጉር የተሠራ ባና ደረበችልኝና ትንሽ ሞቅ ሲለኝ ዓይኔ ግድግዳው ላይ አረፈ። ሦስቱም ሥዕሎች በውሃ ቀለም የተሣሉ፣ ሦስቱም ጸጉራም ውሾች ናቸው። «የሣሏቸው እዚሁ ጎረቤታችን ያሉ ጡረተኛ መምህር ናቸው» አለችኝ። መቼም የጋዜጣ ሰው ያየውን ሳይተች አያድርም። ሒሴ ይኸውላችሁ።

የመጀመሪያው ከፈረንጅ ካላንደር የተቀዳ ነው። ነጭ፣ ጸጉሩ መሬት የሚጠርግ፣ ግንባሩ ላይ ሪባን የታሰረለት የሶፋ ውሻ። በውሃ ቀለም ነጭ ውሻ መሣል ቀላል ነገር አይደለም። በዘይት ቀለም ቢሆን ነጩን ከላይ መደረብ ይቻላል። በውሃ ቀለም ግን ነጩ ራሱ ወረቀቱ ነው፤ ብርሃን የሚያርፍበትን ቦታ ከመጀመሪያው ሳይነኩ መተው ያስፈልጋል። አንዴ ከቆሸሸ ተመልሶ እንደነበረው አይነጣም። መምህሩ ይህን በደንብ ተወጥተውታል። ችግሩ ሥዕሉ ላይ ጸጉር እንጂ ውሻ አለመኖሩ ነው። ሪባኑን ብታነሡት የዝንብ መከላከያ ጭራ ይመስላል።

ሁለተኛው የራቤል ውሻ ነው፤ የራሳቸው የመምህሩ። ቡላ ሆኖ አንገቱና ጅራቱ ጎፈር ያለው። እዚህ ላይ ጸጉሩ አንድ በአንድ በጥቁር መስመር ተሠምሯል። ከየት እንደመጣ አልጠፋኝም። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ሥዕል አስታውሱ፤ አንበሶቹና ነብሮቹ በግራ በቀኝ፣ የጻድቁ ሰውነት በጸጉር ተሸፍኖ። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ጸጉሩን በመስመር በመስመር ያወርደዋል። ልክ ነው፤ እዚያ ጸጉሩ የጸጋ ልብስ ስለሆነ ከሥሩ ያለውን ሥጋ እንድናይ አልተፈለገም። ውሻ ግን ጻድቅ አይደለም፤ ከጸጉሩ ሥር ሆድ አለው።

ጀርመናዊው አልብሬኽት ዱረር እ.ኤ.አ. በ1502 የሣላት የዱር ጥንቸል አለች፤ ዛሬ ቪየና፣ አልበርቲና ሙዚየም ውስጥ ትገኛለች። ዱረር መጀመሪያ ቡናማውን ቀለም በስሱ አልብሶ አካሏን አበጀ። ጸጉሯን በቀጭን ብሩሽ፣ አንዳንዱን በጠቆረ አንዳንዱን በነጣ ቀለም የጨመረው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ እያንዳንዷ ጸጉር የምትተኛበት ሥጋ አላት። የእኛ መምህር ደግሞ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ያቋቋሙትን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጡም። ቢሆንም ትችት ትችት ነው።

ሦስተኛው ያው ውሻ ነው፤ ግን ጨልሟል። አንገቱ ላይ ጸጉር አለ፣ ጅራቱ ላይም አለ። ጎኑ ላይ ግን መስመሩ ሁሉ ጠፍቶ፣ ቀለሙ ውሃ ውስጥ ሰምጦ፣ ጠይም ጠይም ጥላ ብቻ ቀርቷል። «ይሄ እንኳ ተበላሽቶባቸዋል፤ ጭቃ ሆኗል» ብዬ ተኛሁ።

ጠዋት ከመምህሩ ጋር ቡና ላይ ተገናኘን። «ሦስተኛው ላይ የጎኑን ጸጉር የት አደረሱት?» አልኳቸው፣ እንደ ዐዋቂ።

ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ልጄ፣ ሁለተኛው አላምር ቢለኝ፣ ጸጉሩ ወዴት እንደሚተኛ ልይ ብዬ እጄን ጎኑ ላይ አሳረፍኩ። ጣቶቼ ገቡ። ጎድኑን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ቆጠርኩት። ለካ ጥርሱ አልቆ የምንጥልለትን አጥንት የጎረቤት ውሻ ነው የሚወስደው! እኛ እኮ ‹እንዴት ተመችቶታል› ስንል ነው የከረምነው። ያንን ሥዕል ከጨረስኩ በኋላ ሳምንት አልቆየም።»

ምን ይባላል? ያን ውሻ በየቀኑ እየተራመዱት ሲወጡ ሲገቡ ኖረዋል፤ አንዴም ሥለውታል። መራቡን ያወቁት ግን በዓይናቸው ሳይሆን በእጃቸው ነው።

ስለዚህ ሒሴን አርማለሁ። ከሦስቱ የሚበልጠው ሦስተኛው ነው። እንከን የለውም ማለቴ አይደለም፤ ሣሩ ከመጠን በላይ አረንጓዴ ነው፣ አንዱ ጆሮም ተቸኩሎበታል። የሚበልጠው ስለሚያሳዝን አይደለም። ጭቃ ያልኩት ጥላ የጎድን አጥንቱ ቦታ ስለሆነ ነው። ሁለቱ ሥዕሎች ጸጉሩን ያሳዩናል፤ ሦስተኛው ጸጉሩ የደበቀውን።

እኔ የምለው፣ እኛስ ሰው ስናይ ከሁለተኛው ሥዕል መቼ አልፈን እናውቃለን? ሸሚዙ ከተተኮሰ፣ ጫማው ከተወለወለ፣ ለበዓል ነጠላዋን አጣፍታ ከወጣች፣ በቃ ደህና ናቸው። እነሱም የሚረዱን ይመስላሉ። «እንዴት ነህ?» ስንል መልሱ የታወቀ ነው፤ «አለሁ»። ተረቱም እኮ የሚለው ይህንኑ ነው፤ አለ ሲሉት።

አዲስ አበባ በተመለስኩ ሰሞን አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባዬን መንገድ ላይ አገኘሁት። ሙሉ ልብስ፣ ክራቫት፣ የተላጨ ፊት።

«እንዴት ነህ?»

«አለሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ተሰናብቼው አልፍ ነበር። ያን ቀን ግን እጄን ትከሻው ላይ አሳረፍኩ። ኮቱ ሰፍቶታል።

«ምሳ በልተሃል?» አልኩት።

አልበላም ነበር።