ባዶ መልስና የከሸፈ ጥያቄ

የሰው ኮድ ስመለከት ቀድሜ የማየው ዳታቤዙ እምቢ ያለ ጊዜ ምን እንደሚደረግ ነው። ሁሉ ነገር ሲሳካማ ማንም ያሳምረዋል።

በድሮው ፒኤችፒ ጥያቄው ሲከሽፍ «ፎልስ» የሚል መልስ ይመጣና ፕሮግራሙ ምንም እንዳልሆነ ይቀጥላል። ስህተቱ የሚገለጠው ረድፎቹ ሊነበቡ ሲሉ፣ ነገሩ ከተበላሸበት መስመር ርቆ ነው። መልሱን ያረጋገጠውም ቢሆን «ኦር ዳይ» ብሎ የማይኤስኪውኤልን ቅሬታ ከነቴብል ስሙ ለአላፊ አግዳሚው ይዘረግፈው ነበር። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ፒኤችፒ 8.0 ፒዲኦ የተባለውን የዳታቤዝ ማገናኛ፣ በዓመቱ የመጣው 8.1 ደግሞ ሌላውን ማገናኛ ማይኤስኪውኤልአይን ማንም ሳያዛቸው ኤክሴፕሽን እንዲወረውሩ አደረጋቸው። ዘግይቶም ቢሆን ደግ ተደረገ።

የባለሙያው እጅ የሚታየው ግን ከዚያ በኋላ ነው። የምዝገባ ኮድ እንውሰድ። ብዙ ሰው ኢሜይሉ መኖር አለመኖሩን በሴሌክት ይጠይቅና ከዚያ ኢንሰርት ያደርጋል፤ በሁለቱ መካከል ሌላ ተመዝጋቢ ሊቀድም እንደሚችል አያስብም። የተዋጣለት ኮድ ቴብሉ ላይ ዩኒክ ኢንዴክስ ያኖርና በቀጥታ ኢንሰርት ያደርጋል። 1062 የሚለው የስህተት ቁጥር ከመጣ፣ ያውም የኢሜይሉ ኢንዴክስ ከሆነ፣ «ይህ ኢሜይል ተመዝግቧል» ይላል። ሌላውን ስህተት ሁሉ አይነካውም፣ ወደ ላይ ያሳልፈዋል። የማያውቀውን አለመያዙን እወድለታለሁ።

አፕዴት ላይም እንዲሁ ነው። ተጠቃሚው ስልኩን ሳይቀይር «አስቀምጥ» ቢጫን ማይኤስኪውኤል የተለወጠው ረድፍ ዜሮ ነው ይላል። ጥያቄው ግን አልከሸፈም። ዜሮን አይቶ «አልተሳካም» የሚል ገጽ ስንቱን ሰው በከንቱ አስደንግጧል!

ከሁሉ የሚያስደስተኝ ግን በጥድፊያ የማይታየው ነው። ሁለት ትራንዛክሽኖች ተቆላልፈው 1213 ሲመጣ የማይኤስኪውኤል ማከማቻ ሞተር ኢኖዲቢ አንደኛውን ትራንዛክሽን ከሥሩ ይሰርዘዋል፤ ስለዚህ የሚደገመው የመጨረሻው ትእዛዝ ብቻ ሳይሆን ከመጀመሪያው ጀምሮ ሁሉም ነው። 1205፣ ማለትም ቁልፍ ሲጠበቅ ጊዜው ሲያልፍ የሚመጣው፣ መልኩ ተመሳሳይ ቢሆንም በነባሪው አሠራር የሚሰርዘው የመጨረሻዋን ትእዛዝ ብቻ ነው፤ የቀደሙት ሳይጸኑም ሳይሰረዙም ይቆያሉ። ግድ የለሹ ሁለቱን በአንድ ቅርንጫፍ ይዞ እንደገና ይሞክራል። አዋቂው ለ1205 ከድገማው በፊት ሮልባክ የምትል አንዲት መስመር ይጨምራል።