የፍርሃት ድምፅና የታዳሚው ጆሮ፦ ከወልቂጤና ከቡታጅራ መድረክ አንጻር

በማክቤዝ ተውኔት ውስጥ ንጉሡ የሚገደለው ከመድረክ ውጭ ነው። ታዳሚውን የሚያስደነግጠው ከግድያው በኋላ በሩ ሲንኳኳ ነው። እንግሊዛዊው ሐያሲ ቶማስ ደ ኩዊንሲ በ1823 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ድርሰት የዚህን ምክንያት መርምሯል፤ በግድያው ጊዜ የቆመው የሰው ልጅ ኑሮ ተመልሶ መንቀሳቀሱን የሚያበስረው ያ ድምፅ ስለሆነ፣ የተፈጸመው ነገር ክፋት ጎልቶ የሚሰማን ያን ጊዜ ነው ይላል። ትንታኔው ጠንካራ ነው። ግን ሰው ሁሉ በር የሚያንኳኳ ይመስል ስለ ጆሮው ባለቤት አይጠይቅም።

ተውኔቱን ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ መልሶታል። በጉራጌ ገጠር፣ በእንሰት ተክል በተከበበ ቤት ያደገ ሰው ፊት ቢቀርብስ? እዚያ እንግዳ ከደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል እንጂ አያንኳኳም። እንዲህ ላለው ታዳሚ የእንጨት በር ኳኳታ የባዕድ አገር ድምፅ ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ በከተማ የኖረ ሰው ግን የሌሊት ኳኳታ ማንን ፍለጋ እንደሚመጣ ያውቀዋል፤ እሱን ለማስፈራት ስፒከር አያስፈልግም። የአንድ አዳራሽ ታዳሚ በአንድ ድምፅ እኩል አይፈራም። የድምፅ ባለሙያው የመጀመሪያ ሥራም ይህን ማወቅ ነው ብዬ አምናለሁ።

ነጎድጓድን እንውሰድ። በእንግሊዝ አገር በ1766 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የብሪስቶል ቴአትር ቤት ከጣሪያው ሥር ከባድ ኳስ እየተንከባለለ ነጎድጓድ የሚያሰማበት የእንጨት አሸንዳ አለው። በሰባት ቤት ጉራጌ ነባር እምነት ግን ነጎድጓድ የቦዠ ድምፅ ነው፤ አንትሮፖሎጂስቱ ዊሊያም ሻክ በ1966 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ስለዚህ የመብረቅ አምላክ በሰፊው ጽፏል። የሰው ንብረት የነካ በመብረቅ ይቀጣል ተብሎ ይታመን ነበር። ስለዚህ በዚያው አካባቢ ባለችው በወልቂጤ መድረክ ላይ አንድ ገጸ ባሕርይ የሰረቀውን ሸሽጎ ሲቀመጥ ከሩቅ የሚሰማ ጉርምርምታ ከአየር ጠባይ ያለፈ ትርጉም አለው፤ ፍርድ እየቀረበ መሆኑን ይናገራል። እምነቱን የማይከተል ወጣት እንኳ ከአያቱ ሰምቶታል። በመስቃን ምድር ባለችው ቡታጅራ ያው ጉርምርምታ ይህን ያህል ላይከብድ ይችላል። አዘጋጁ ለሁለቱም ከተሞች አንድ ዓይነት ቅጂ ይዞ ከዞረ ግማሹን ኃይል መንገድ ላይ ጥሎታል።

የመሣሪያው ጉዳይም አለ። የነጎድጓድ ግርማ ያለው በዝቅተኛው ንዝረት ላይ ነው። የሰው ጆሮ ከ20 ኸርዝ ጀምሮ ይሰማል፤ ለስብሰባና ለሠርግ የሚከራዩት ትንንሽ ስፒከሮች ግን ከ60 ኸርዝ በታች ያለውን አብዛኛውን ያጠፉታል፤ የሚተርፈው ፍንጥርጥር ብቻ ነው። ባለሙያው ይህን ሲሰማ ድምፁን ይጨምራል፤ ታዳሚውም ጆሮውን ይይዛል፤ ጆሮውን የያዘ ሰው ደግሞ ታወከ እንጂ አልፈራም። ከመጋረጃ ጀርባ በመዳፍ ቀስ ተብሎ የሚመታ ትልቅ ከበሮ እንዲህ ካለው ቅጂ ይሻላል፤ ንዝረቱ በወለሉ በኩል እግር ድረስ ይደርሳልና።

በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚታይ ቴአትር በክረምት ከዝናብ ጋር ይፎካከራል፤ ዝናቡም ያሸንፋል። ወፍራም የሣር ክዳን ግን ድምፅን ስለሚውጥ ሹክሹክታ እንኳ ጥርት ብሎ ይሰማል። ውጭ በጀፎረ፣ በሰፊው የመንደር መንገድ ላይ ከሆነ ደግሞ አስተጋቢ ግድግዳ የለም፤ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ ስድስት ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። ይህ ጉድለት አይደለም። በጀፎረው ጫፍ፣ ከታዳሚው ጀርባ፣ በጨለማ የምትጮህ ጅብ የምር የራቀች ትመስላለች፤ ስትቀርብም የምር ትቀርባለች።

ዝምታም የዚሁ ንድፍ አካል ነው። ለሴቶች መብት የተሟገተችው የቃቄ ወርድወት ታሪክ እስከ ብሔራዊ ቴአትር መድረክ ደርሷል። አንዲት ሴት በሽማግሌዎች ሸንጎ ፊት ተናግራ ስትጨርስ፣ አንድ ሰው እስኪመልስላት ያለው ጊዜ ከማንኛውም ሙዚቃ የበለጠ ያስጨንቃል። እዚያ ቦታ ላይ ክራር ወይም ዋሽንት የሚያስገባ አዘጋጅ ታዳሚውን ከጭንቀቱ ያሳርፈዋል፤ ማሳረፍ ግን አልነበረበትም።

ከሁሉም በላይ የሚከብደኝ የእድር ጥሩምባ ነው። ንጋት ላይ ሲነፋ ሰው ከመኝታው ቀና ይላል፤ የሟቹ ስም እስኪጠራ ድረስም የራሱን ሰዎች በሐሳቡ ይቆጥራል። ፍርሃቱ ያለው በጥሩምባውና በስሙ መካከል ነው። በቅጂ የመጣ ጥሩምባ ይህን አያደርግም፤ ከመድረኩ ስፒከር ስለሚወጣ ታዳሚው የተውኔቱ መሆኑን ወዲያው ይለያል። ከአዳራሹ ውጭ፣ በመንገዱ በኩል፣ በሰው እስትንፋስ አንድ ጊዜ ብቻ ከተነፋ ግን ከእውነተኛው የሚለይበት የለም። እዚህ ላይ ግን ኀዘኑ ያልወጣለት ሰው በመቀመጫው ላይ አለ። ስለዚህ ጥሩምባው እንደሚነፋ በትኬት መሸጫው ላይ ተጽፎ ቢለጠፍ ድንጋጤው በጥቂቱ ይቀንስ ይሆናል፤ እኔ ግን ይለጠፍ ባይ ነኝ።