የራያ ሰው በደራሲዎች ብዕር

ደራሲዎቻችን የራያ ቆላን ሰው ሲሥሉ ብዙ ጊዜ አስቀድመው የሚያነሡት ጎፈሬውን፤ ዱላውንና ጠመንጃውን ነው። ከ1920 እስከ 1922 ዓ.ም. የራያና የአዘቦ ሕዝብ ማመፁ፤ በ1928 ዓ.ም.ም ከማይጨው ጦርነት የሚመለሰውን ሠራዊት የዚሁ አገር ታጣቂዎች መውጋታቸው በታሪክ የታወቀ ነው። ይህ ይሠወር አንልም። የምንነቅፈው፤ ከዚያ ወዲህ የተወለደው ሁሉ በዚያው መስፈሪያ መሰፈሩን ነው።

የቆቦ ገበሬ ከምዕራብ ተራሮች የሚወርደውን የሆርማትንና የጎሊናን ጎርፍ በአፈርና በቅርንጫፍ ክትር ጠልፎ ወደ ማሽላ ማሳው ይመራል። ጎርፉ የሚቆየው ለጥቂት ሰዓታት ስለሆነ ተራ ማክበር፤ ክትሩ ሲፈርስም ተባብሮ መጠገን ግድ ነው። ጠብ ብቻ የሚያውቅ ሕዝብ ውሃ ተካፍሎ እንዴት ያርሳል? ይህን የሚተርክ ልብ ወለድ ግን እኛ እስካሁን አላነበብንም። (የቆቦን ማሽላ ቀምሶ ያመሰገነ መንገደኛ ብዙ ነው፤ ክትሩን ወርዶ ያየው ጥቂት ነው።)

ይልቁንም የሚያሳዝነን፤ የአገሩ ወጣት ራሱ ለነቀፋው «እኛ ጀግኖች ነን» ከማለት በቀር ሌላ መልስ ማጣቱ ነው። ሰዳቢውም አወዳሹም ያዩት ያንኑ ጠመንጃ ነውና። የክትሩን ቦታ ማን እንደሚመርጥ፤ ተራ ያፈረሰ ሰው በሽማግሌዎች ፊት ምን እንደሚባል አባቱን ጠይቆ የሚጽፍ ተማሪ ቢገኝ፤ ድርሰቱን ቀድመን የምናነበው እኛ ነን።