«ማዘር»፣ «ፋዘር»፣ «ብራዘር»፦ አጫጭር የእንግሊዝኛ ቃላት በአማርኛ ቤት መምቻነት

ቋንቋ የኅብረተሰብ ኑሮ ውጤት እንደ መሆኑ መጠን፣ ኑሮው በተለወጠ ቁጥር አዳዲስ ቃላትን ይቀበላል፤ የተቀበላቸውንም በራሱ ሥርዓት ያስተካክላል። «የአራዳ ቋንቋ» በሚባለው የከተማ ወጣቶች አነጋገር ውስጥ ከእንግሊዝኛ የመጡ አጫጭር ቃላት ሰፊ ቦታ ይዘዋል። «ሙድ»፣ «ሼም»፣ «ማዘር»፣ «ፋዘር»፣ «ብራዘር» የመሳሰሉት ከመንገድ አልፈው ወደ ዘፈን፣ ወደ ግጥምና ወደ መድረክ ገብተዋል። ሂስ ሊመረምረው የሚገባው ቃላቱ ለምን ገቡ የሚለውን ሳይሆን፣ ከገቡ በኋላ በኪነ ጥበብ ውስጥ ምን ሥራ ይሠራሉ፣ የሚያስቁትስ በማን ላይ ነው የሚለውን ነው።

በመጀመሪያ፣ ቃላቱ የትውልድ አገራቸውን ትርጉም እንደ ያዙ አልተሻገሩም። «ሙድ» በእንግሊዝኛው የመንፈስን ሁኔታ ያመለክታል። በአማርኛው ግን «ሙድ ያዘበት» ሲባል አፌዘበት፣ ተሣለቀበት ማለት ነው። «ሼም» በእንግሊዝኛው ከውርደትና ከነውር ጋር የተያያዘ ከባድ ቃል ሲሆን፣ «ሼም ያዘኝ» የሚል የከተማ ወጣት ብዙውን ጊዜ የሚናገረው ስለ ቀላል ዓይን አፋርነት ነው። እዚህ ላይ «መያዝ» የተባለው ግስ ልብ ሊባል ይገባዋል። አማርኛ ብርድ ያዘው፣ ሣቅ ያዘው፣ እንቅልፍ ያዘው እንደሚል ሁሉ «ሼም ያዘው» ይላል። ስሙ ባዕድ ቢሆንም አገባቡ የአገር ነው።

«ማዘር»ና «ፋዘር» ነገሩን ይበልጥ ያስረዳሉ። የታክሲ ረዳት የማያውቃቸውን አሮጊት «ማዘር፣ ጠጋ ይበሉ» ይላቸዋል። እንግሊዛዊ የማያውቃትን መንገደኛ በዚህ ቃል አይጠራም። ታላቅን ሰው እናቴ፣ አባቴ ብሎ ማክበር የአማርኛ ተናጋሪው ባህል ስለ ሆነ፣ ረዳቱ በባዕድ ቃል የገዛ ወጉን ይፈጽማል።

በቤት አመታት በኩልም እንዲሁ ነው። በእንግሊዝኛ ሁለት ቃላት ቤት ይመታሉ የሚባለው ድምፃቸው ከሚጠብቀው አናባቢ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ሲመሳሰል ነው። ስለዚህ «ማዘር» ከ«ብራዘር» ጋር ቤት ይመታል፤ «ፋዘር» ግን በእንግሊዝኛው አናባቢው የተለየ ስለ ሆነ ከሁለቱ ጋር አይገጥምም። አማርኛ በመጨረሻው ፊደል ስለሚገጥም ሦስቱንም አንድ ቤት ያስገባቸዋል። በዚሁ ሕግ «ሙድ» ከ«ጉድ»ና ከ«መንገድ»፣ «ሼም» ከ«ዓለም»ና ከ«የለም» ጋር ያለ ድካም ይገጥማል። ወጥመዱም ይኸው ነው። ገጣሚው ቃሉን ከስንኙ መጨረሻ አኑሮ ሐሳብ ሳይጨምር ያልፋል፤ አድማጩም ለቃሉ አዲስነት ስቆ ይረሳዋል።

ቤት መምታት ሐሳብ ሊሸከም እንደሚችል የለንደን ምሥራቃዊ ሰፈር ነዋሪዎች አነጋገር ያሳያል። እዚያ ከ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ ሠራተኞችና ቸርቻሪዎች ደረጃን «አፕልስ ኤንድ ፒርስ» ብለው ሰይመውታል። «ፒርስ» የሚገጥመው «ስቴርስ» ከሚለው የደረጃ ስም ጋር ነው። ቆይቶም ቤት የሚመታው ክፍል ይቀርና «አፕልስ» ብቻ ይነገራል። ሰሚው የተሰወረውን ቃል ፈልጎ ማግኘት አለበት።

የተሰወረውን መፈለግ ደግሞ ለጎጃም እንግዳ ነገር አይደለም። ከደብረ ማርቆስ በስተ ደቡብ፣ በባሶ ሊበን ወረዳ የምትገኘው ይጁቤ፣ እነዲማ ጊዮርጊስንና ዋሸራን የመሰሉ የቅኔ ማስመስከሪያዎች ባሉበት አገር ያለች ከተማ ናት። የአካባቢው ተማሪ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ሲማር አድጓል። እንዲህ ያለ ወጣት «ብራዘር» የሚለውን ቃል በቅኔ ጆሮ ቢሰማው «ብራ» እና «ዘር» ተብሎ ሲከፈል ያገኘዋል። በጎጃም ጥቁር አፈር ላይ ሽምብራና ጓያ የሚዘሩት ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አፈሩ እርጥበቱን ይዞ ሰማዩ ብራ በሚሆንበት ጊዜ ነው። እንግዲህ አንዱ ቃል ከላይ የከተማውን ወንድም፣ ከውስጥ ዘግይቶ ተዘርቶ በቀረ እርጥበት የሚበቅለውን እህል ሊይዝ ነው። ጠብቆና ላልቶ መነበቡም ለቅኔ ሰው እንቅፋት አይሆንበትም። ወደ ከተማ ዘግይቶ የገባ የገበሬ ልጅ «ብራዘር» ተብሎ ሲጠራ፣ ኅብሩ የራሱን ታሪክ ይነግራል። ቃሉ የስንኙ ማሳረጊያ ብቻ ሳይሆን የሐሳቡ ማደሪያ የሚሆነው በዚህ ዓይነት አጠቃቀም ነው።

በብዙ የመድረክ ቀልዶች የሚታየው ግን ከዚህ የራቀ ነው። ባላገሩ «ሙድ» የሚለውን ቃል ባለማወቁ «ፋራ» ተብሎ ይሣቅበታል። ሣቁ የሚመነጨው ከድርጊቱ ወይም ከጠባዩ ጉድለት ሳይሆን ከተወለደበት ቦታ ነው። መንግሥቱ ለማ የቤተ ክህነት ትምህርትንም የለንደን ትምህርትንም የቀመሰ ደራሲ ነበር። በ«ያላቻ ጋብቻ» የሣቁን ጦር ያዞረው የትውልድና የማዕረግ ትዕቢት ባላቸው ሰዎች ላይ ነው። ኮሜዲ የሚመዘነውም በሚስቅበት ሰው ምርጫ ነው። ቃል በማያውቀው ላይ ከሚስቅ ቀልድ ይልቅ፣ ከ«ሙድ»ና ከ«ሼም» በቀር የሚናገረው የሌለውን ሰው የሚያሳይ ቀልድ ለእውነት ይቀርባል።

መምህሩም በዚህ ረገድ ድርሻ አለው። ተማሪው የመንገዱን «ሼም» ወደ እንግሊዝኛ ድርሰቱ ሲያስገባው ትርጉሙ ይፋለሳል፤ ሁለቱን ትርጉሞች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ማስረዳት ቃሉን ከመከልከል ይልቅ ይጠቅማል። ገጣሚውና ተዋናዩም እነዚህን ቃላት ሲያነሡ፣ ስንኙን ከመዝጋት አልፈው ምን እንደሚሸከሙ መጠየቅ ይጠበቅባቸዋል። ይህ ጥያቄ ከተጠየቀ የይጁቤው ወጣት ወደ ቴአትር አዳራሽ የሚገባው መሣቂያ ሊሆን አይደለም፤ ኅብሩን ከሌላው ተመልካች ቀድሞ ሊፈታ ይችላል።