ደላላው በር ላይ ይቁም

ቤት ለገዢ ሲታይ የሻጭ ደላላ አብሮ ይግባ ወይስ ደጅ ይቆይ? ጥያቄው የሥራ ፈት ይመስላል። «ታዲያ ደላላ ምን ሊሠራ ነው የተጠራው?» የሚልም አይጠፋም። ነገር ግን የስንት ሰው የዓመታት ላብ በዚህች ትንሽ ጥያቄ ላይ እንደተንጠለጠለ ማየት የፈለገ ከሚሴ ድረስ ይዝለቅ።

ከሚሴ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ተቀምጣ ኦሮምኛና አማርኛ እያቀያየረች ትነግዳለች። አካባቢው ገበያ የሚያውቅ አገር ነው። ሰኞ ባቲ፣ እሑድ ሰንበቴ የዋለ ሰው ከብት እንዴት እንደሚገዛ ትምህርት አያስፈልገውም፤ የበሬውን ጥርስ ገልጦ ያያል፣ ሽንጡን ይዳብሳል፣ ነድቶ ያስኬደዋል። ደላላ የፈለገውን ቢለፈልፍ በሬው ራሱ እፊቱ ቆሟል። ቤት ግን አይነዳም፤ ጥርሱም ያለው ኮርኒሱ ውስጥ ነው።

ታዲያ ቤት ሲታይ ደላላው ይቀድማል። «ይኼ ሳሎን ነው» ይላል፤ ሳሎን መሆኑ የጠፋን ይመስል። ገዢው ባለቤቲቱን «ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ከደላላው አፍ ይወጣል፤ «ኧረ አባቴ፣ ውሃ ምን ችግር አለ!» ባለቤቲቱ ዝም። የተሰነጠቀው ግድግዳ ጋ ሲደረስ ደላላው ደገፍ ብሎ ወሬ ይጀምራል። ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን ለተማሪዎቼ የምለው ነገር ነበር፤ ተራኪው በየገጹ እየገባ «ይህ ሰው ደግ ነው» የሚለን ከሆነ ሰውየውን እንዳናይ እየከለለን ነው። ቤትም እንዲሁ ነው።

ለደላላውም ግን ፍርድ አይጓደልበት። ብቻዋን የምትኖር ባልቴት የማታውቀውን ሁሉ ጓዳዋ ድረስ እንዴት ታስገባ? ሻጭስ ቢሆን የዋህነት ሲይዘው «ለሕክምና ቸኩለን ነው የምንሸጠው» ብሎ ዋጋውን በገዛ አፉ ይጥላል። አጠገቡ አንድ የራሱ ሰው ቢኖር ይጠቅመዋል። ደላሎቹም «ከወጣን ሁለቱ እርስ በርስ ተስማምተው ድካማችንን ይበሉታል» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ይደርስባቸዋል።

የሚብሰው ግን ገዢዋ እዚያ ሳትኖር ነው። በከሚሴና በዙሪያዋ ለቤት መግዣ ከሚውለው ገንዘብ አንዱ ምንጭ ዓረብ አገር ነው። ጅዳ ወይም ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ለዚያ ቤት የምትከፍለው የስንት ዓመት እንቅልፏን ነው። ቤቱን የምታየው ግን በስልክ ነው። ስልኩን ማን ይዞታል? ደላላው! ካሜራው አዲሱ ቀለም ላይ ይቆያል፤ ሽንት ቤቱ ጋ ሲደርስ «ኔትዎርክ ተቆረጠ»። እዚህ ላይ ደላላው አብሯት የቆመ ሰው ብቻ አይደለም፤ ዓይኗ ሆኗል። ልጅቱ በሻጭ ዓይን ቤት ገዛች ማለት ነው። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን በጥቂት ወራት ውስጥ ስትመልስ እንዳየነው፣ የመመለሻ ቀኗን የምትቆርጠው እሷ አይደለችም። ድንገት ስትመጣ የሚቀበላት ያ በስልክ ያየችው ግድግዳ ነው።

ነገሩን የሚያበላሸው ማን የማን ሰው እንደሆነ አለመነገሩ ነው። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ደላላን ራሱን ችሎ ተዋዋዮችን የሚያገናኝ ሰው አድርጎ ተርጉሞት ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ደግሞ ወኪል ለወከለው ሰው ጥቅም ብቻ እንዲሠራ ያዝዛል። የእኛ ሰው ለሻጭ ወኪል፣ ለገዢ ወንድም ሆኖ ከሁለቱም ኮሚሽኑን ይቀበላል። በሁለት ቢላዋ መብላት ይሏል ይህ ነው።

አሜሪካ ሻጭም ገዢም የየራሳቸው ደላላ አላቸው። ቤቱ ሲታይ የሻጩ ደላላ ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ ገዢውን ይዞት የሚገባው የራሱ ሰው ነው። ያም ሆኖ በክፍያው ጉዳይ ተካስሰው፣ ብሔራዊ የደላሎቹ ማኅበር በ2016 ዓ.ም. 418 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ከዚያ ዓመት ነሐሴ ጀምሮ በማኅበሩ ደንብ መሠረት የገዢ ደላላ ቤት ከማሳየቱ በፊት ክፍያውን የሚገልጽ ውል ከገዢው ጋር በጽሑፍ መፈራረም አለበት። መጀመሪያ ወረቀት፣ ከዚያ በር።

እኛስ? ደላላው ይምጣ። «እኔ የሻጭ ሰው ነኝ፤ የማገኘውም ይህን ያህል ነው» ብሎ በግልጽ ይናገር። ክፍያው አስቀድሞ በጽሑፍ ይስፈር፤ ያን ጊዜ «ይክዱኛል» የሚለው ሥጋት ይቀልለታል። በሩን ይክፈት፣ እንግዳውን ከባለቤቱ ጋር ያስተዋውቅ፣ ከዚያ ወጥቶ ግቢው ጥላ ሥር ይቀመጥ። ገዢዋ ሩቅ ከሆነች ስልኩን እኅቷ ወይም አጎቷ ይያዙላት። ከሚሴ ሞቃት ናትና ቤቱ በቀትር ይታይ፤ ቆርቆሮው ሥር የሚኖር ሰው ቀትሩን ቀድሞ ይወቅ። ካርታው ማዘጋጃ ቤት ካለው ማኅደር ጋር ይመሳከር፤ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ይጣራ፤ የጋራ ቤት ከሆነ የባልም የሚስትም ፈቃድ ይጠየቅ። ጎረቤትም ይጠየቅ። ዓረቦች «ከቤቱ በፊት ጎረቤቱን» ይላሉ፤ ጎረቤት ደግሞ ኮሚሽን የለውም።

ይህ ለአካባቢው ባዕድ ሥርዓት አይደለም። የዕቃን ነውር ደብቆ መሸጥ ክልክል መሆኑን በየመስጊዱ እየሰማ ያደገ ሕዝብ ነው። በሬ ሲገዛ ጥርሱን አሳዩኝ ለማለት የማያፍር ሰው፣ ቤት ሲገዛም «ወንድሜ፣ አንተ እስቲ ትንሽ ውጣልኝ» ለማለት ማፈር የለበትም። ደኅና ቤት አስረጂ አይፈልግም። ነውር ያለበት ቤት ግን ምስክር ያስፈልገዋል፤ ያ ምስክር ከሽያጩ ፐርሰንት የሚቆረጥለት ሰው ሊሆን አይችልም።