ስለ ዐውደ ነገሥት

በእኛ በዳንግላ አገር ዛሬም በአንዳንድ ቤት ሽማግሌ ከመላኩ በፊት የልጁና የልጅቱ ስም፣ ከእናቶቻቸው ስም ጋር፣ ወደ ኮከብ ቈጣሪ ይሄዳል። «ኮከባቸው አልገጠመም» ከተባለ ነገሩ አለቀ። ስለዚህ ዐውደ ነገሥትን እንደ ማንኛውም መጽሐፍ ልመረምረው ወደድሁ።

ፊደሉ በቍጥር ተመንዝሮ ይደመርና በ12 ይገደፋል፤ ትራፊው ኮከብህ ነው ይባላል። ወጣቶች ሆይ፣ አስተውሉ! ሰማዩን ቀና ብሎ ያየ የለም፤ የልደትም ቀን አልተጠየቀም። አንዱ ልጅ በክርስትና ስሙ ሐመል፣ በቤት ስሙ ሑት ሊወጣ ይችላል። ለየትኛው ሚስት ትፈለግለት?

ምስጢሩ የአገራችን ብቻ ነው ለሚሉም፣ ሐመል፣ ሚዛን፣ አቅራብ፣ ሑት ከዐረብኛ የመጡ ስሞች ናቸው። እነዚያው 12 ምልክቶች በኢጣሊያም ሲያከራክሩ ኖረዋል። በፍሎረንስ ፊቺኖ በ1489 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ የከዋክብት ምስል ለጤና ስለ መያዝ ጻፈ፤ ወዳጁ ፒኮ ግን ኮከብ ቈጠራን የሚነቅፍ ትልቅ መጽሐፍ አዘጋጅቶ፣ በ1494 ከሞተ በኋላ ታተመለት።

የደብተራውን የክታብ ሥዕል ግን አልንቅም። ብራናው በባለቤቱ ቁመት ልክ ይለካል፤ አፍጥጠው የሚያዩት ዐይኖችና ባለ ስምንት ጫፉ ኮከብ የሠለጠነ እጅ ሥራ ናቸው። ስሌቱን ትቶ ይህን ቢያስተምር ደቀ መዝሙር ባላጣ ነበር።