«ደረሰኝ» እና «ሲንግል»፦ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞር የአሜሪካ ፕሮሰስ ወረቀት ላይ የቀረበ ሂስ

ሂስ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ በመጽሐፍ ላይ የሚቀርብ ነው። እኛ ግን ዛሬ የምንነጋገረው ደራሲው በማይታወቅ፣ ማተሚያ ቤት ባላየው፣ ዋጋ ባልተጻፈበት አንድ ወረቀት ላይ ነው። ካርቱም የኖራችሁ ሳታውቁት አትቀሩም። ዴምና ጅሬፍ ውስጥ ቡና በሚጠጣበት ቤት ሁሉ ይገኝ ነበር። አራት ገጽ ነው፣ የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ። ከላይ እንግሊዝኛው፣ ከሥር አማርኛው። ስለ አሜሪካ ፕሮሰስ ጥያቄና መልስ ይዟል።

ለምን ሂስ ያስፈልገዋል? ተማሪዎቻችን የትኛውንም ልብ ወለድ እንደዚህ ወረቀት አጥብቀው ሲያነቡ አላየንም። አስምረውበታል፣ በቃላቸው ይዘውታል፣ በእሱ ተመርተው ፎርም ሞልተዋል። እንዲህ የሚነበብ ጽሑፍ ደግሞ በዝምታ ሊታለፍ አይገባም።

ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲጀመር (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አንዳንዱ በመተማ ወደ አገሩ ገባ፣ አንዳንዱ እንደ እኛ ወደ ገዳሪፍ በኩል ወጣ። መጻሕፍታችን እዚያው ቀሩ። ይህች ወረቀት ግን ተከትላን መጣች። በቅርቡ አንድ ተማሪ ካምፕ ውስጥ አግኝቷት «አስረዱኝ» ብሎ አመጣልን። ኮፒው ደብዝዟል፣ ስሕተቱ ግን አልደበዘዘም።

ጥሩ ጎኑ

በቅድሚያ ደግነቱን እንናገር። በዚያን ጊዜ ፎርም ማስሞላትም ማስተርጎምም በገንዘብ ነበር። የወረቀቱ ጸሐፊ ግን የሚያውቀውን በነፃ ሰጥቷል። ዐረፍተ ነገሩ አጭር ነው፣ ለሚቸኩል ሰው ይመቻል። የሚያስፈልጉትን ማስረጃዎች በቅደም ተከተል ያስቀምጣል፦ ፓስፖርት፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የፖሊስ ማስረጃ፣ የሕክምና ምርመራ። ከ16 ዓመት ዕድሜው በኋላ በሌላ አገር አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የኖረ ሰው የዚያንም አገር የፖሊስ ማስረጃ እንደሚጠየቅ ይናገራል። ለእኛ ለሱዳን ኗሪዎች ትልቅ ነገር ነው፣ ትክክልም ነው። የዲቪ ማመልከቻ ከ2003 መጨረሻ ጀምሮ በፖስታ መላክ ቀርቶ በኢንተርኔት ብቻ እንደሆነም ነግሮናል። ለዚህ ሁሉ ምስጋና ይገባዋል።

ሦስት በር፣ አንድ ቁልፍ

የመጀመሪያው ጉድለት ሁሉንም ነገር «ፕሮሰስ» በሚል አንድ ቃል መጠቅለሉ ነው። ወደ አሜሪካ የሚያስገባው በር ግን አንድ አይደለም። ከሱዳን ካምፖችና ከካርቱም ብዙ ሰው የሄደው በ1980 በወጣው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ፣ በሪሴትልመንት ነው። በዚህ በር አብዛኛውን ጊዜ ስምን የሚያስተላልፈው የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ነው፣ ክፍያም የለውም። ሁለተኛው በር የቤተሰብ ነው። አሜሪካ ያለው ዘመድ ያመለክታል፣ ገቢውንም ያሳያል። ዜጋ የሆነ ሰው ለባለቤቱ፣ ለወላጁና ከ21 ዓመት በታች ላለ ያላገባ ልጁ ሲያመለክት የኮታ ወረፋ የለም። ለወንድሙና ለእህቱ ሲሆን ግን ወረፋው ከአሥር ዓመት ያልፋል። ሦስተኛው በ1990 ሕግ የመጣው ዲቪ ነው። በዲቪ የሚቆጠረው በመሠረቱ የተወለዱበት አገር እንጂ የሚኖሩበት አይደለም። ጎንደር የተወለደ ሰው ካርቱም ሃያ ዓመት ቢኖር በኢትዮጵያ ነው የሚቆጠረው።

ወረቀቱ እነዚህን ሲያደባልቅ ምን ሆነ? ዲቪ የሞላው ሰው የቤተሰብ አመልካች የሚጠየቀውን የስፖንሰር ፎርም ፍለጋ ዘመድ ሲለማመጥ ከረመ። ሪሴትልመንት የሚጠብቀው ደግሞ «ክፍያው ስንት ነው?» እያለ ጠየቀ። ክፍያ ስንት እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው ካለ፣ ተቀባይ ደግሞ አይጠፋም።

«ደረሰኝ»

ሁለተኛው ጉድለት በአንድ ቃል ላይ ነው። ወረቀቱ ከዕጣው በኋላ ያለውን ክፍል «ከደረሰህ በኋላ» ብሎ ይጀምራል። ሎተሪ «ደረሰ» ማለት የአማርኛችን ወግ ነው፣ እኛም እንለዋለን። ግን አስቡት፣ «ደረሰ» ማለት መድረስም ነው፣ ጉዞ አለቀ ማለት ነው። «ደረሰኝ» ደግሞ ሱቅ ገንዘብ ከፍለን የምንቀበለው ወረቀት ነው። ዕጣ የወጣለት ሰው ዕቃው የእሱ እንደሆነ፣ ሄዶ መረከብ ብቻ እንደቀረው ቢያስብ ይፈረድበታል?

እንግሊዝኛው የሚለው ሌላ ነው፤ ለቀጣዩ ሂደት ተመርጠሃል ነው የሚለው። በሕጉ የተመደበው በዓመት 55,000 ቪዛ ነው፣ ከዚያም ላይ የሚቀነስ አለ። የሚመረጠው ሰው ግን ከነቤተሰቡ ብዙ ጊዜ ከ100,000 ያልፋል። ይህ የሚደረገው ሁሉም እንደማይጨርስ ስለሚታወቅ ነው። ለማንም አገር ከሰባት በመቶ በላይ አይሰጥም። የበጀት ዓመቱ ሴፕቴምበር 30 ሲያልቅ ቪዛ ያላገኘ ተመራጭ ዕድሉ አብሮ ያልቃል፣ ወደሚቀጥለው ዓመት አይተላለፍም። በሜይ 2011 ደግሞ ወደ 22,000 የሚጠጉ ሰዎች ተመርጣችኋል ከተባሉ በኋላ በኮምፒዩተር ስሕተት ምክንያት ውጤቱ ተሰርዞ በጁላይ አዲስ ዕጣ ወጥቷል። ይህን ሁሉ «ደረሰኝ» የሚለው ቃል ይደብቀዋል። በዚህ ቃል ሥራ የተወ፣ የቤት ዕቃ የሸጠ፣ ድግስ የደገሰ ሰው አይተናል። ወረቀቱ «ተመረጥኩ» ብሎ ቢጽፍ ኖሮ የአንድ ቃል ልዩነት ነበር።

«ሲንግል»

ይህኛው ክፍል በወረቀቱ ላይ ብቻ ሳይሆን በራሳችንም ላይ ሂስ ነው።

ወረቀቱ «ሲንግል» የሚለውን ቃል «ብቻውን ያለ» ብሎ ተርጉሞታል። እኛም በካርቱም የማታ ክፍላችን ሰሌዳ ላይ እንዲሁ ብለን ጽፈነዋል፣ ተማሪዎቹም ገልብጠዋል። ከእነሱ አንዷ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ፣ ከማንም ቀድማ ክፍል የምትገኝ ሴት ነበረች። ያገባችው በሽማግሌ ነው። ባለቤቷ ወደ ሊቢያ ከሄደ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። ልጇ አያቷ ዘንድ አገር ቤት ነበረች። በ2016 መጨረሻ ዲቪ ስትሞላ ደብተሯን ከፍታ አየች። ብቻዋን ናት፣ ስለዚህ «ሲንግል»። ልጅም አብራት የለችም፣ ስለዚህ ልጅ የለም። አልዋሸችም። ያስተማርናትን ነው የጻፈችው።

በሜይ 2017 ተመረጠች። ክፍሉ ሁሉ አጨበጨበ፣ እኛም አጨበጨብን። በኢንተርቪው ቀን ስለ ቤተሰቧ ስትጠየቅ እውነቱን ተናገረች። ሕጉ ግልጽ ነው፦ ጥቂት በሕግ የተለዩ ሁኔታዎች ካልሆኑ በቀር፣ ባልም ሆነ ሚስት አብረው ባይኖሩም፣ አብረው ባይሄዱም በመጀመሪያው ማመልከቻ ላይ መጻፍ አለባቸው። ከ21 ዓመት በታች ያለ ያላገባ ልጅም የትም ቢኖር እንደዚሁ። ያልተጻፈ እንደሆነ ማመልከቻው ይወድቃል። ተከለከለች።

ተመልሳ መጥታ አልተቆጣችም። «መምህር፣ እዚህ ላይ ምን ነበር መጻፍ የነበረብኝ?» ብላ ደብተሯን አሳየችን። በገዛ እጃችን ያረምነው ገጽ ነበር፣ በቀይ እስክሪብቶ ትክክል የሚል ምልክት አድርገንበታል። እሱን ምልክት እስከ ዛሬ አልረሳነውም። «ሲንግል» ማለት ያላገባ ማለት ነው። አራት ፊደል ያላት ቃል ናት፣ ወረቀቱም እኛም አላልናትም።

እንግዲህ ሌላው ደግሞ እያወቀ የሚተወው ነው። ወረቀቱ ላጤ ሆኖ መሙላት ያፈጥናል የሚል ምክር አለው። ይህ ምክር እስከ ዛሬ በካምፑ ይነገራል። የሚረሳው የኋላው ነው። በሪሴትልመንት አሜሪካ የገባ ሰው ባለቤቱንና ልጁን ለማስመጣት ሁለት ዓመት ውስጥ ማመልከት ይችላል። ነገር ግን ትናንት የለኝም ያለውን ልጅ ዛሬ አለኝ ሲል መጠየቁ አይቀርም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? እዚህ ላይ የሚፈታው መቀነት አይደለም፣ ልጅ ነው።

ስምና ቀን

የወረቀቱ አራተኛ ጉድለት ትንሽ ይመስላል። የልደት ዘመን ለመቀየር «ስምንት ደምር» ይላል፣ በቃ። ምሳሌ እንውሰድ። ጥቅምት 20 ቀን 1985 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በወረቀቱ መንገድ ኦክቶበር 20፣ 1993 ይሆናል። ትክክለኛው ግን ኦክቶበር 30፣ 1992 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ድረስ የሚደመረው ሰባት ነው፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ስምንት። ቀኑም ለብቻው ይሰላል። እንዲያው አንድ ዓመት ምን ያመጣል? ልጅ 21 ሲሞላው ከልጅነት በሚወጣበት ሕግ ውስጥ አንድ ዓመት ብዙ ያመጣል። ክርስትና ወረቀቱ አንድ፣ የስደተኛ ካርዱ ሌላ፣ ፎርሙ ሦስተኛ ቀን ሲናገሩ ደግሞ ባለጉዳዩ ሦስት ሰው ይሆናል። የስም ነገርም እንዲሁ ነው። እኛ የአባትና የአያት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም። ወረቀቱ በአንዱ ገጽ የአባትን፣ በሌላው የአያትን ስም መጨረሻ ላይ ያስገባል። የትኛውም ቢመረጥ አንዱን ይዞ በሁሉም ወረቀት ላይ በአንድ ፊደል መጻፍ እንደሚሻል አይናገርም።

በቃል የሚጠና ሕይወት

ከሁሉ የከፋው ግን የመጨረሻው ገጽ ነው። ከአገር ለምን ወጣህ ለሚለው ጥያቄ የተዘጋጀ የእስር ቤት ታሪክ አለበት። አንድ ጊዜ «ከአገሬ የወጣሁበት ቀን» በሚል ርእስ ድርሰት አጻፍን። ከሦስት ወረዳ በመጡ ሦስት ተማሪዎች ደብተር ላይ አንድ ዓይነት እስር ቤት፣ አንድ ዓይነት የብረት በር አገኘን። አንዱን ለብቻው ጠርተን ብንጠይቀው በእርግጥ ታስሮ ነበር። የታሰረው ግን እስር ቤት ሳይሆን በአንድ ቀበሌ የእህል መጋዘን ውስጥ፣ አሥራ አንድ ቀን ነበር። ጤፉ ላይ እየተኛ፣ ሌሊት አይጥ እየረገጠው። «ታዲያ ለምን አልጻፍከውም?» አልነው። «የወረቀቱ ይበልጣል» አለን።

ዋሽቶ ማለፍ ለሚፈልግ ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ትንሽ ነበር። ይህ ገጽ ግን እውነት ያለውን ሰው እውነቱን አስጣለው። ጠያቂው ሰው ያንን የብረት በር ከስንት ሰው ሰምቶ ይሆን? መጋዘኑን ግን ከዚህ ልጅ ሌላ የሚነግረው የለም።

ታዲያ ምን ይሻላል?

አንዳንድ ጓደኞቻችን ይቃወሙናል። «የራበው ሰው ሰዋስው አይጠይቅም። ወረቀቷ ስንቱን አሻግራለች» ይሉናል። አዎ፣ የተሻገሩ አሉ። የተሻገሩት ግን ወደዚህ ተመልሰው አይቆጠሩም፣ የቀሩትን የምንቆጥረው እኛ ነን። ሌሎች ደግሞ «በሩ ተዘግቶ ሳለ ስለ ቁልፍ ማውራት ምንድን ነው?» ይላሉ። እውነት አላቸው። የካርቱም የአሜሪካ ኤምባሲ በኤፕሪል 2023 ሥራ አቁሟል። በጃንዋሪ 2025 የስደተኞች ቅበላ ታገደ፣ ለ2026 የበጀት ዓመት የተወሰነው ቁጥርም 7,500 ብቻ ነው፣ ከ1980ው ሕግ ወዲህ ዝቅተኛው። በጁን 2025 የሱዳንና የኤርትራ ዜጎች እንዳይገቡ ታዘዘ። በዲሴምበር 2025 ደግሞ ዲቪ እንዲቆም ተደረገ።

ቢሆንም በሩ ቢከፈትም ባይከፈትም ወረቀታችን ዛሬ እየተጻፈ ነው። በካምፕ ምዝገባ ላይ ላጤ የተባለው፣ የትውልድ ቀኑ ጃንዋሪ 1 የተባለው፣ በትምህርት ቤት መዝገብ የአያቱ ስም የተሳሳተው፣ እሱ ነው ነገ የሚጠየቀው። ትምህርትም እንዲሁ። በወጣው ደንብ መሠረት ዲቪ ሙሉ የ12 ዓመት ትምህርት ወይም ሁለት ዓመት ሥልጠና በሚጠይቅ ሙያ የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ በአቻ ፈተና የሚገኝ ሰርተፍኬት አይበቃም። ስለዚህ ክፍል መቅረት ለማንም አያዋጣም።

እኛ ወረቀቷን ለተማሪው መለስንለት። አልቀደድናትም። በኅዳጓ ላይ ግን «ደረሰኝ» የሚለውን ሰርዘን «ተመረጥኩ»፣ «ብቻውን ያለ» የሚለውን ሰርዘን «ያላገባ»፣ «ስምንት ደምር» በሚለው ፊት «ወሩን እይ» ብለን ጻፍን። የመጨረሻውን ገጽ ገንጥለን አስቀረነውና በምትኩ ባዶ ወረቀት አያያዝንለት፣ የራሱን እንዲጽፍበት። መምህራን ሆይ፣ ኮፒው እጃችሁ ከገባ እንዲሁ አድርጉ። ተማሪዎች፣ ባዶውን ገጽ አትፍሩት።

ቸር ይግጠመን።